የተራራ ጉዞ የቆዳ ጫማ አመራረጥና ከእግር ጋር የማለማመድ ዘዴ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከምትገኘው አዲስ ዘመን ከተማ ተነስቶ ወደ ጣራ ገዳም ደን የሚያቀና መንገደኛ በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት መሬት ይረግጣል። በሜዳው ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ከጫማ ሥር እየተጣበቀ እግር ያከብዳል። አቀበቱ ድንጋያማ ነው። በጽድና በወይራ ጥላ ሥር ደግሞ ጤዛ ያዘለ ቅጠል ያንሸራትታል። ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘውና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የጉና ተራራ የሚወጣ ሰው ብርዱንም መቋቋም ይኖርበታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ መልክዓ ምድር የሚመረጠው በተለምዶ ከስክስ የሚባለው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ነው። ሆኖም ጫማው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን በተገዛ ማግስት ተጫምተውት ተራራ ቢወጡ ተረከዝ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። ተሽከርካሪ በማይደርስበት ሥፍራ የቆሰለ እግር ይዞ መመለስ ደግሞ ከባድ ነው።

በቆዳ ንግድ ቋንቋ የበሬና የላሙ ቆዳ፣ የበግና የፍየሉ ሌጦ ይባላል። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለጓንት ሥራ ይፈለጋል፤ ለተራራ ጫማ ግን ተመራጩ የቀንድ ከብት ቆዳ ነው። እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ወፍራም ቆዳ ሁሉ ጠንካራ አይደለም። ጥንካሬው ያለው ፀጉር በነበረበት የላይኛው ንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ተሰንጥቆ የሚወጣው ክፍል በፕላስቲክነት ባለው ቀለም ተሸፍኖ ቢያብረቀርቅም እጥፋቱ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። የእሾህ ጭረት ወይም የመዥገር ጠባሳ በጥቂቱ የሚታይበት ጫማ የላይኛው ንጣፍ ተፍቆ እንዳልተነሳ ስለሚያመለክት፣ ገዢው እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊሸሸው አይገባም።

ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ በውሃና በጭቃ ብዛት ሊላቀቅ ይችላል። በክር የተሰፋውን ግን ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ሊቀይረው ስለሚችል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ውሎ አድሮ ያዋጣል።

ልክን በተመለከተ፣ እግር በመዋል ብዛት ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞ በታሰበው ወፍራም ካልሲ ቢለካ ይመረጣል። ከሁለቱ እግሮች አንዱ ረዘም የሚል ከሆነ የሚለካው በረጅሙ ነው። ማሰሪያው ሳይጠብቅ ጣቶችን ወደፊት ገፍቶ ከተረከዝ በስተኋላ አመልካች ጣት ማስገባት ከተቻለ ልኩ ደህና ነው። ቀጥሎም አጥብቆ አስሮ ቁልቁለት ወይም ደረጃ መውረድ ያስፈልጋል፤ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ከተጋጨ አንድ ቁጥር መጨመር ይበጃል። በአውሮፓ አለካክ በአንድ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቢሆንም ከጉና ቁልቁል ሲወርዱ ብዙ ነው።

ማለማመዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጫማውን በቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ቀጥሎ ገበያ ደርሶ ለመመለስ፣ ከዚያም ሸክም ይዞ አጭር አቀበት ለመውጣት መጫማት ሲሆን፣ ለጠንካራ ቆዳ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ቆዳው በጣቶች መታጠፊያ ላይ የራሱን እጥፋት ሲያወጣና ተረከዙ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሲያቆም ለጉዞ ደርሷል ማለት ነው። ጫማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ እስኪደርቅ መሄድ የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ማስቲሹን የሚያላቅቅና ቆዳውን የሚያደርቅ በመሆኑ አይመከርም።

በጉዞ ላይ ትኩሳት ወይም መፋተግ የተሰማው ሰው እስኪቆስል ሳይጠብቅ ቆም ብሎ ቦታውን በፕላስተር መሸፈን ይኖርበታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅ፣ የጣራ ገዳም ተሳላሚ ይህንኑ አጋጣሚ እግሩን ለማናፈስና ካልሲ ለመቀየር ሊጠቀምበት ይችላል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የጫማ ጉዳይ ከጉዞ ምቾት ያለፈ የጤና ፋይዳም አለው። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር ዝሆኔ የሚመጣው በትንኝ ወይም በእርግማን ሳይሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ ነው። በአገሪቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚሁ ሕመም እንደተያዙ ይገመታል። ለአንድ ቀን በባዶ እግር የተጓዘ ሰው የሚሰጋ ባይሆንም፣ ለአርሶ አደሩና ለልጆቹ ግን ጫማ ዘወትር መጫማትና እግርን በሳሙና መታጠብ ዋነኛው መከላከያ ነው።

ከጉዞ መልስ ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የውስጥ ንጣፉም ወጥቶ ይናፈሳል። የረጠበውን ጫማ ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ቆዳውን አኮማትሮ ያሰነጥቀዋል። ይልቁንም ጋዜጣ ጠቅጥቆበት ጋዜጣው ሲረጥብ እየቀየሩ ጥላ ሥር ማቆየት ይሻላል። ከደረቀ በኋላ ከጥቂት ዘይት ጋር የቀለጠ ሰም በተለይም በስፌቱ ላይ በስሱ ሲቀባ ውሃ እንዳይገባ ያግዛል።