ሐሰተኛው ማኅተም፦ ሬትሮቫይረስና የቀይ ደም ህዋስ አፈጣጠር

ቀይ የደም ህዋስ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፀንሶ፥ ደጋግሞ ተከፍሎ፥ በሄሞግሎቢን ተሞልቶ፥ በመጨረሻም አስኳሉን አውጥቶ ጥሎ ወደ ደም ሥር የሚገባው በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን፥ ኦክሲጅን ባነሰ ጊዜ ኩላሊት በሚልከው ኤሪትሮፖይቲን በተባለ መልእክተኛ ትእዛዝ ነው። ይህን ትእዛዝ በሐሰተኛ ማኅተም አስመስሎ የሚያስተላልፍ ቢነሣ ሰውነት ምን እንደሚሆን ያስተማረችን አይጥ ናት።

የኒውዮርኳ ተመራማሪ ሻርሎት ፍሬንድ፥ በጐልማሳ አይጦች ላይ ሉኬሚያ የሚያመጣ ቫይረስ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1957 አሳትመው ከማውጣታቸው አስቀድሞ ነገሩን በጉባኤ ባቀረቡ ጊዜ፥ ከሊቃውንቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ነገር ግን ኤለርማንና ባንግ የዶሮን ሉኬሚያ ህዋስ በሌለበት ጭማቂ ማስተላለፍ እንደሚቻል በኮፐንሃገን ካሳዩ (1908) ግማሽ ምእት ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበርና፥ ተቃውሞው ከዕውቀት ይልቅ ከልማድ የመነጨ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

የፍሬንድ ቫይረስ የሚባለው በእውነቱ ሁለት ቫይረስ ነው፤ አንደኛው ራሱን ማራባት የሚችል ሲሆን፥ ሁለተኛው ጎደሎ ስለሆነ በባልንጀራው ጫንቃ ተጭኖ ይጓዛል። ጥፋቱ ግን ከጎደሎው ነው። ጂፒ 55 የተባለው ፕሮቲኑ በህዋሱ ገጽ ላይ የኤሪትሮፖይቲንን ተቀባይ ይዞ ስለሚቀሰቅሰው፥ መልእክተኛው ሳይላክ «ተባዛ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ዕረፍት ይተላለፋል፤ የአይጧም ጣፊያ በጨቅላ ህዋሳት ተጨናንቆ ከ10 እጥፍ በላይ ያብጣል። ይህ ገና ካንሰር አይደለም። ቫይረሱ እንደ ማናቸውም ሬትሮቫይረስ የዘር ቅጂውን በህዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ሲተክል፥ ስፒ-1 ከተባለው ጂን አጠገብ ያረፈ እንደ ሆነ፥ ፒዩ.1 የተባለው የጂኑ ፕሮቲን ያለ ልክ ተመርቶ የህዋሱን መብሰል ይገታዋል፤ ያን ጊዜ ማብቂያ የሌለው ልጅነት ይሆናል።

በድመት የሚገኘው የሉኬሚያ ቫይረስ አንዱ ወገን ደግሞ፥ ሄም የተባለውን ንጥረ ነገር ከህዋሱ የሚያስወጣውን በር ስለሚዘጋ፥ ቀይ ህዋሳቱ ሳይበስሉ ያልቃሉ፤ ከመብዛት ይልቅ መምከን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በአይጧ ህዋሳት የተገታው መብሰል ፈጽሞ አልጠፋም። ፍሬንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ከታመሙት አይጦች ተወስደው በብልቃጥ በሚራቡት ህዋሳት ላይ፥ ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለውን የተለመደ ማሟሚያ ጥቂት ጨመሩ፤ በጥቂት ቀናትም ህዋሳቱ ሄሞግሎቢን መሥራት ጀመሩ። እንዲህ ያሉትን ህዋሳት በመዘውር አሽከርክሮ ከቱቦው ግርጌ ያዘቀጠ ሰው፥ ቀድሞ ነጣ ያለው ዝቃጭ ቀልቶ ያገኘዋል።