ያልተላከው አድራሻ

በባትሪ የሚሠሩ ገመድ አልባ ሴንሰሮችን ኮድ መገምገም ሥራዬ ነው። አድራሻን የነካ ለውጥ ሲቀርብልኝ፣ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፣ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ እሱን አነባለሁ። በየዘመኑ የተወሰኑ ውሳኔዎች ተደራርበው የሚገኙት እዚያ ነውና።

የሁሉም መነሻ የቦታ ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.15.4 የተባለው የሬዲዮ ደረጃ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው ቢበዛ 127 ባይት ነው። የኢንተርኔቱ ፕሮቶኮል አይፒቪ6 ግን ቢያንስ 1280 ባይት የሚሸከም መስመር ይፈልጋል፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ብቻ 32 ባይት ይበላል። በ2007 የወጣው አርኤፍሲ 4944 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ትልቁን ፓኬት ከፋፍሎ መላክን ደነገገ፤ አድራሻውንም ጨርሶ ሳይልኩ መቅረት እንዲቻል አደረገ። ተቀባዩ ከሬዲዮው አድራሻ ተነሥቶ ራሱ ይሠራዋል።

ጣጣው ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ባለ 16 ቢት አጭር አድራሻ ለያዘ መሣሪያ፣ የ2007ቱ ደንብ የኔትወርኩን መለያ ቁጥር ከፊት ያስገባ ነበር። በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6282 ቦታውን ዜሮ አደረገው። መልካም አደረገ፤ አድራሻው ከመለያ ቁጥሩ ጥገኝነት ተላቀቀ። ነገር ግን አንድ ኮድ የማሳጠሩን ስልት ከአዲሱ፣ የአድራሻውን አሠራር ከአሮጌው ደንብ ከወሰደ፣ ላኪና ተቀባይ የተለያየ አድራሻ ይዘው ይቀራሉ። የዩዲፒ ቼክሰም፣ ማለትም የስሕተት መፈተሻ ድምሩ፣ አድራሻዎቹንም ስለሚደምር አይገጥምም፤ ፓኬቱም ይጣላል። ሬዲዮው ግን መድረሱን አስቀድሞ አረጋግጧል። ባለሙያው አንቴናና ባትሪ ሲፈትሽ ይውላል።

ረጅሙ፣ ባለ 64 ቢቱ አድራሻ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አይፒቪ6 የመጀመሪያውን ባይት አንድ ቢት ይገለብጣል፤ ይህም የኔትወርክ አስተዳዳሪዎች በእጅ የሚሰጡትን አድራሻ አሳጥረው እንዲጽፉ ታስቦ የተደረገ ነው። በዚያ ላይ 802.15.4 አድራሻን ከትንሹ ባይት ጀምሮ ሲልክ፣ አይፒቪ6 ከትልቁ ይጀምራል። ፕሮግራመሩ ቢቱን መገልበጡን ወይም የባይቶቹን ቅደም ተከተል ማዞሩን ቢረሳ፣ አሳጥሮ መልሶ የሚዘረጋው የራሱ ኮድ ስለሆነ ስሕተቱ በስሕተት ይታረማል፤ መፈተሻውም ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መፈተሻ ብቻውን አያሳምነኝም። ከደንቡ ላይ በእጅ የተሰላ የባይት ዝርዝር እጠይቃለሁ፤ ቢቻል እንደ ኮንቲኪ ወይም ሪዮት ያለ ሌላ ሶፍትዌር የላከው ፓኬት ተጨምሮ።

ይህን ሥራ የምትጀምሩ ወጣቶች፣ የአድራሻ ለውጥ ከማጽደቃችሁ በፊት ሁለቱን አርኤፍሲዎች ጎን ለጎን አንብቡ፤ ኮዱ የትኛውን እንደተከተለም ጸሐፊውን ጠይቁ።