መዝገብ የማያውቀው ወጪ፦ ሥር የሰደደ የሆድ ድርቀት በፎገራ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ስለ ሕክምና ወጪ ሲነሣ የሚታሰቡት ወባ፣ የሳንባ ምችና ወሊድ ናቸው። የሆድ ድርቀት ተልባ በጥብጠው ጠጥተው የሚያሳልፉት፣ ሲብስም ከወረታ መድኃኒት ቤት ጥቂት ፍሬ ኪኒን የሚገዙለት ተራ ነገር ተደርጎ ይታያል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን ችግሩ ቀላል የመሰለው ወጪው ተበጣጥሶ ስለሚከፈልና አብዛኛው በየትኛውም መዝገብ ስለማይሰፍር ነው የሚል ነው።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የሮም መስፈርት ድርቀቱን ሥር የሰደደ የሚለው ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ሲሞላውና ምልክቶቹ ላለፉት 3 ወራት ሲዘልቁ ነው፤ ከምልክቶቹም በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መጸዳዳት፣ ማማጥ፣ የሰገራ መጠጠርና ጨርሶ ያለመውጣት ስሜት ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ33 አገሮች ጥናት በኢንተርኔት ከተጠየቁት 11.7 በመቶው፣ ፊት ለፊት ከተጠየቁት ደግሞ 6.6 በመቶው ችግሩ እንዳለባቸው አሳይቷል። በሁለቱ መንገዶች የተጠየቁት አገሮች በአብዛኛው የተለያዩ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ለሐፍረት መስጠት አይቻልም፤ ነገር ግን ሰው ለእንግዳ ጠያቂ ስለ ሰገራው ለመናገር እንደማይቸኩል ማንም ያውቃል። ኢትዮጵያ ከ33ቱ ውስጥ የለችም።

ገበሬ የሆድ ድርቀት አያውቅም የሚል ክርክር እንደሚነሣ ይጠበቃል። ክርክሩ ታሪክ አለው። በኡጋንዳ የሠራው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1972 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ያልተፈተገ እህል የሚመገብ የአፍሪካ ገጠር ሰው ሰገራ ከእንግሊዛዊው ይልቅ ብዙና ፈጥኖ የሚያልፍ እንደሆነ አሳይቷል። ግኝቱ ትክክል ነው፤ ከእሱ የተወሰደው ድምዳሜ ግን ለፎገራ አይበቃም። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። ከ100 ግራም ጤፍ 8 ግራም ያህል አሰር ይገኛል፤ ከተፈተገ ነጭ ሩዝ የሚገኘው 1.3 ግራም ብቻ ነው። ወፍጮው የሚፍቀው ቡናማ ሽፋን ለከብት ይሄዳል። (በዚህ ረገድ የፎገራ ላም ከባለቤቷ የተሻለ ትመገባለች ማለት ይቻላል።) ይህን ይዤ ሩዝን አልወነጅልም፤ ረሃብን ያስታገሠ ሰብል ነው። አሰር ብቻውን መልስ አለመሆኑን ደግሞ ሌላ ማስረጃ ይናገራል፦ በአገራችን ሆስፒታሎች ለትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የሚገኘው የአንጀት መጠማዘዝ አሰር የበዛበት ምግብ በሚመገበው የገጠር ሰው ላይ የተለመደ ነው።

ድርቀቱ ከሌላም ይመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ለደም ማነስ የምትወስደው አይረን፣ እርግዝናው ራሱ፣ ውኃ ሳይጠጡ በፀሐይ መዋልና ሰገራን ይዞ መቆየት ሁሉም የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። በመጨረሻው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፣ ይደረመሳል። ወንዱ ሜዳ ይወጣል፤ ሴቷ ግን እስኪጨልም ትታገሣለች። ይህ ትዕግሥት በየቀኑ ሲደጋገም አንጀት የመጸዳዳት ስሜቱን እየለመደ ያፍነዋል፤ ሰገራውም ይደርቃል። በአረም ጊዜ ጎንበስ ብላ ጭቃ ውስጥ የምትውል ሴት ሆዷ ተነፍቶ፣ ምግብ አልወርድ ብሏት ስትሠራ የሚጎድለውን ጉልበት የሚቆጥረው የለም።

ከገንዘቡ አንጻር ፎገራ የተለየ ቦታ አላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እ.ኤ.አ. በ2011 በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ፎገራ ነበሩ። መድኅኑ የምርመራና የመድኃኒት ወጪን ይሸፍናል፤ የትራንስፖርትንና የባከነ የሥራ ቀንን ግን አይሸፍንም። መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ሲጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት የሚገዛው ታካሚው ነው፤ ሕመሙ ሥር የሰደደ ስለሆነም ግዢው ይደጋገማል። ኪንታሮት ወይም የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሲከተል ደግሞ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መሄድ፣ ከአስታማሚ ጋር ማደርና መመገብ ይመጣል። ኮሶ ጠጥቶ መገላገልም ርካሽ አማራጭ አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ነርቭን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ወባና የሳንባ ነቀርሳ ባሉበት አገር ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። አዲስ ክሊኒክ ይገንባ የሚል ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር የያዘው ሰና የተባለው የሆድ ማለስለሻ ርካሽ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አይረን ስትሰጥ አንድ ጥያቄ መጨመር ትችላለች። ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ያልታሰበ ክብደት መቀነስ ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም መላክ ካንሰርንም በጊዜ ለመያዝ ይረዳል። የፎገራ መድኅን ጽሕፈት ቤትና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራውን ከዚሁ ይጀምሩ፦ የሆድ ድርቀትን ከጠቅላላው የሆድ ሕመም ለይተው ይመዝግቡ፤ ታካሚው ከኪሱ የከፈለውንና የባከነበትን ቀንም ይጠይቁ።