ጉዝጓዝና የአቧራው ዘመን

ጉዝጓዝ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው። የእርሻ ባለሙያዎች ደግሞ አፈርን ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከጎርፍ ለመከለል ላዩ ላይ የሚነጠፈውን ገለባና ቅጠል ጉዝጓዝ ይሉታል። አሜሪካ ጥቅሙን የተማረችው በውድ ዋጋ ነው (ዘመናቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲንር፣ በካንሳስ፣ በኦክላሆማና በቴክሳስ ያለው ሰፊ የሣር ሜዳ መታረስ በረታ። ሣሩ ለዘመናት የአፈሩ ልብስ ነበር። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲገባ ራቁቱን የቀረውን አፈር ነፋስ አነሣው። በሜይ 1934 አቧራው ኒውዮርክን አልፎ፣ ዛሬ እኔ ታክሲ በምነዳባት በዋሽንግተን ሰማይም ታየ። ኤፕሪል 14 ቀን 1935 ሜዳው አገር በቀን ስለ ጨለመ ዕለቱ «ጥቁር እሑድ» ተባለ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአፈር ጥበቃ ሕግ ጸደቀ።

በ1943 ኤድዋርድ ፎክነር የተባለ የኦሃዮ ሰው ማረሻን ራሱን የሚከስ መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት፣ በኮነቲከት፣ ሩት ስታውት የምትባል ሴት አራሹ ቢዘገይባት ሳታሳርስ ዘራች። ከዚያ ወዲያ ጓሮዋን ዓመቱን ሙሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል በድርቆሽ ሸፍና ኖረች፤ በ1955 ስለዚሁ ጽፋ ዝናን አተረፈች፤ በ1980 በ96 ዓመቷ ዐረፈች።

እኔ ግን በድርቆሹ አልስማማም፤ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ይሻላል፤ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ግንዱን እንዳያበሰብሰው ከዛፉ ሥር ትንሽ ራቅ ማድረግ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ላዩ ላይ ይቀመጥ፤ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ናይትሮጂኑን ይሻማል። በጸደይ ደግሞ አፈሩ ሳይሞቅ ማልበስ ቡቃያውን ያዘገያል።

አገር ቤት አስተማሪ ሳለሁ ስለ አፈር መሸርሸር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምር ነበር። ደወል ሲደወል ግን እነዚያኑ ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን አትክልት ቦታ ቅጠል አስጠርጌ አስቃጥል ነበር፤ ንጽሕና መስሎኝ። ገበሬው እንኳ ምክንያት አለው፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይፈለጋል። እኔ ምንም ምክንያት አልነበረኝም።

አሁን በመከር ወራት ጎረቤቶቼ ቅጠላቸውን በከረጢት አስረው መንገድ ዳር ሲያወጡ፣ ከሥራ ስመለስ አስፈቅጄ ታክሲዬ ኋላ ጭኜ እገባለሁ።