ከሥራ ልብስ ሳይወጡ፦ የጃፓን የሬዲዮ ጅምናስቲክ

በጃፓን «ራጂዮ ታይሶ» የሚባለው፣ በሬዲዮ በሚተላለፍ የፒያኖ ዜማና ቆጠራ የሚመራው የሰውነት እንቅስቃሴ፣ በ1928 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶን በዓለ ንግሥ ምክንያት በማድረግ የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡም የደንበኞች ዕድሜ መርዘም ለሕይወት መድን ሰጪዎች ጥቅም መሆኑን ከተረዳ አንድ የአሜሪካ መድን ድርጅት የተቀሰመ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 ተቋርጦ በ1951 በአዲስ መልክ የተመለሰው ይህ ልማድ 13 እንቅስቃሴዎችን በሦስት ደቂቃ ገደማ የሚያጠናቅቅ፣ መሣሪያም ሆነ መሬት ላይ መተኛትን የማይጠይቅ በመሆኑ፣ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞች ወደ ስፖርት ትጥቅ ሳይቀይሩ በሥራ ልብሳቸው እንደተሰለፉ ሊፈጽሙት ችለዋል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ከስፖርት ሜዳ ይልቅ ከሥራ ቀን ሥርዓት ጋር የተዋሐደው፣ ከሠራተኛው ገንዘብም ሆነ የልብስ መቀየሪያ ጊዜ ባለመጠየቁ ጭምር ነው።