ነጭ ዋላ፣ ጥቁር ፊት

ነጭ ዋላ ስንል ተረት ልንጀምር የፈለግን እንዳይመስላችሁ። ነጭ ዋላ አለ። በእንግሊዝ አገር ዱር ውስጥ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። ንጉሥ ደረቱ ላይ ያንጠለጠለው፣ መላእክት ሳይቀሩ የለበሱት እንስሳ ነው። በዚያው አገር ደግሞ ዋላ ለማደን ሲሉ ፊታቸውን በከሰል ያጠቆሩ ሰዎች ተሰቅለዋል። የእንስሳው ንጣት ለክብር፣ የሰውየው ጥቁረት ለገመድ የሆነው እንዴት ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ግን ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። «ዋላ»ን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ ውኃ የጠማው፣ ምንጭ የሚናፍቀው እንስሳ። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «አጋዘን» ይሉታል። አጋዘን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የኛ አጋዘን ቀንዱ አንዴ ከበቀለ እስኪሞት አብሮት ይኖራል፤ የእነሱ ዋላ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ይጥልና እንደገና ያበቅላል። ከዚያ ወገን የሆነ እንስሳ በአፍሪካ የዱር ተወላጅ ሆኖ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ወደኛ አልደረሰም። ስለዚህ ከዳዊት ጋር «ዋላ» እያልን እንቀጥላለን።

በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዋላ ጎልቶ ይገኛል። አንደኛው ትልቁ ቀይ ዋላ ነው። ሁለተኛው ከ1066 ወረራ በኋላ ኖርማኖች ያስገቡት፣ አነስ ያለውና ፋሎው የሚባለው ነው። ይኸኛው መልኩ ብዙ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ነጠብጣቡን ክረምት ከበጋ የማይጥል ፈዛዛ፣ ጥቁር፣ ነጭም አለ። ቀዩ ዋላ ግን ነጭ ሆኖ የሚወለደው ከስንት አንዴ ነው። ዓይኑ እንደ ወትሮው ጥቁር ነው፤ የጎደለው የጠጉሩ ቀለም ብቻ ነው። እንግዲህ አዳኝ በጭጋግ ውስጥ ድንገት እንዲህ ያለውን ቢያይ ልቡ ቢደነግጥ ምን ይገርማል? በ12ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳዩ ባለቅኔ ክሬትየን ደ ትሯ ስለ ኤሬክና ኤኒድ የጻፈው ታሪክ የሚጀምረው ንጉሥ አርተር ነጭ ዋላ ካላደንሁ ብሎ ሲነሣ ነው። ዋላውን የገደለ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቆነጃጅት ሁሉ የበለጠችውን የመሳም መብት ያገኛል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጠብ እንዳይነሣ ይፈራሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ባላባት የበለጠችው የኔዋ ናት ባይ ነው። ነጩ ዋላ ገና ከጥንቱ «የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣ እንስሳ ነበር ማለት ነው።

የተረቱን ለተረት ትተን ወደ ሕጉ እንግባ።

ድል አድራጊው ዊልያም በ1079 ገደማ በደቡብ እንግሊዝ ሰፊ አገር ከልሎ «አዲሱ ደን» አለው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ያን ጊዜ «ደን» ማለት ዛፍ የበዛበት ቦታ ማለት አልነበረም። የንጉሥ የአደን ሕግ የሚሠራበት ግዛት ማለት ነበር። መንደርም፣ እርሻም፣ ሜዳም በውስጡ ሊኖር ይችላል። ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ቆሞ ዋላው አዝመራውን ሲበላበት እጁን አጣጥፎ ያያል፤ ዋላው የንጉሥ ነዋ! ንጉሡ በሞተበት በ1087 የተጻፈው ዜና መዋዕል፣ ለዋላ የነበረውን ፍቅር አባት ለልጁ ካለው ፍቅር ጋር እያነጻጸረ ያማዋል፤ ዋላ የገደለ ሰው ዓይኑ እንዲጠፋ ማዘዙንም ይነግረናል። ልጁና ወራሹ ዊልያም ሩፎስ ነሐሴ 2 ቀን 1100 በዚያው በአዲሱ ደን ሲያድን ፍላጻ ወግቶት ሞተ። ያገሩ ሰው ይህን የእግዜር ፍርድ ነው ቢል አንፈርድበትም።

ውሻም ከሕጉ አላመለጠም። በደኑ ክልል የሚኖር ሰው ውሻውን ለማሳደግ የውሻው የፊት እግር ሦስት ጥፍር መቆረጥ ነበረበት፤ ዋላ ማባረር እንዳይችል ነው። በ1217፣ ሄንሪ ሳልሳዊ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በስሙ የወጣው የደን ቻርተር ሕጉን አለዘበው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው በንጉሥ ዋላ ምክንያት ሕይወቱንም አካሉንም እንዳያጣ ተደነገገ። መቀጫ ይከፍላል፤ የሚከፍለው ከሌለው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይታሰራል፤ ከዚያም ዋስ ካጣ አገር ለቆ ይሄዳል። ስለ ማግና ካርታ በየመጽሐፉ እናነባለን፣ ስለዚህ ግን የሚነግረን የለም። ለጭሰኛው የቀረበው ቻርተር ይኼ ይመስለናል፤ ስለ ማገዶ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ዓሣማ መሰማሪያ የሚናገር ነውና። የመጨረሻዎቹ ቁርጥራጮቹ ከሕግ መጽሐፍ የተሰረዙት በ1971 ነው።

አሁን ወደ ነጩ ዋላ እንመለስ። ሰኔ 15 ቀን 1381፣ ለንደን አጠገብ ስሚዝፊልድ በሚባል ሜዳ ላይ፣ ያመፁት ገበሬዎች ከንጉሣቸው ፊት ለፊት ቆሙ። ንጉሡ ሪቻርድ ዳግማዊ የ14 ዓመት ልጅ ነው። የገበሬዎቹ መሪ ዋት ታይለር ጥያቄውን ዘረዘረ። የገባርነት መቅረት ዋናው ነበር። ሄንሪ ናይተን የተባለው የዘመኑ ጸሐፊ ግን ሌላም ይጨምራል፦ ውኃው፣ ደኑ፣ የአደን ክልሉ ሁሉ የጋራ ይሁን፤ ድኻም እንደ ሀብታም በዱር ዋላ፣ በሜዳ ጥንቸል ያድን። እስቲ አስቡት፤ ሰው አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቶ በቆመበት ሰዓት ስለ ጥንቸል ያነሣል? ያነሣል እንጂ! ጥንቸል ሥጋ ነው። ሥጋ ብቻም አይደለም፤ በገዛ አገር በነፃ የመራመድ ነገር ነው። ታይለር እዚያው በቆመበት ተመታ፤ ሞተ። ለገበሬው የተሰጠው ተስፋ ሁሉ ተሻረ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1390 መጀመሪያ ላይ የተሰበሰበው ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። በዓመት 40 ሽልንግ የሚያስገባ መሬት የሌለው ምእመን፣ በዓመት 10 ፓውንድ ገቢ የሌለው ካህን፣ የአደን ውሻ እንዳያሳድግ፣ መረብና ወጥመድ እንዳይይዝ፤ ቢገኝ አንድ ዓመት እንዲታሰር። የሕጉ መግቢያ ምክንያቱን አይደብቅም። የእጅ ሠራተኞችና የቀን ሞያተኞች፣ ደህናው ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በሚሰማበት በዓል ቀን፣ ውሻ አስከትለው የጌቶችን ክልል ይወራሉ ይላል። ቀጥሎም፣ በአደን ስም እየተሰበሰቡ ለአመፅ ይመክራሉ ይላል። ዋናው ፍርሃት እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። የተሰረቀው ዋላ ሳይሆን የተሰበሰበው ሰው ነው ያስፈራቸው። ከዚህ በፊት ክልከላው በቦታ ነበር፤ በንጉሥ ደን ውስጥ አታድን ነው የሚለው። አሁን በሰው ሆነ። ድኻ ከሆንህ የትም ብትሆን አዳኝ አይደለህም።

በዚያው በ1390፣ በጥቅምት ወር፣ በዚያው በስሚዝፊልድ፣ ሪቻርድ ታላቅ የፈረሰኞች የጦር ጨዋታ አዘጋጀ። ዋት ታይለር በወደቀበት ሜዳ ማለት ነው። እዚያ ላይ ለተከታዮቹ አዲስ ዓርማ አደለ፤ ነጭ ዋላ። ዋላው በግንባሩ ተኝቷል፣ አንገቱ ላይ የወርቅ ዘውድ አለ፣ ከዘውዱ ሰንሰለት ይወርዳል። በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ዊልተን ዲፕቲክ የሚባል፣ ከ1395 እስከ 1399 ባለው ጊዜ የተሣለ፣ እንደኛ አገር ተከፋች ሥዕሎች ሁለት ገበታ ያለው ሥዕል አለ። በአንዱ ገበታ ሪቻርድ ተንበርክኳል፤ በሌላው እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በ11 መላእክት ተከባለች። መላእክቱ አንድ ሳይቀር የሪቻርድን ነጭ ዋላ ደረታቸው ላይ ሰክተዋል! ሠዓሊው እጁ የተባረከ ነው፤ የዋላው ነጭ ቀለም ከወርቁ ላይ ያበራል። ግን ይህን ሥዕል ከዚያ ዓመቱ ሕግ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ስናየው ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሰንሰለቱን እዩት። የዱር እንስሳ፣ ከስንት አንዴ የሚገኝ፣ የማንም ያልነበረ፤ አሁን ባለቤቱ በአንገቱ ተጽፏል። ዓርማውን የለበሰውም ሰው እንደዚያው የንጉሡ ነው።

ያ ዓርማ ሪቻርድን አላዳነውም። በ1399 ከዙፋኑ ወረደ፤ በ1400 በእስር ቤት ሞተ። ስሙ ግን የጠላ ቤት ሰሌዳ ላይ ቀረ፤ «ነጩ ዋላ» የሚባል መጠጥ ቤት በእንግሊዝ ሞልቷል። በ1450 ሌላው አመፀኛ ጃክ ኬድ ለንደንን ሲይዝ ያረፈው፣ የታሪክ ቀልድ ሆኖ፣ ሳውዝዋርክ በሚገኘው በነጩ ዋላ ማደሪያ ነበር።

ኬድ ከተገደለ በኋላ የሆነውን ስሙ። በ1451 በኬንት አውራጃ ሰዎች ተሰብስበው፣ ረዥም የውሸት ጺም አድርገው፣ ፊታቸውን በከሰል አጥቁረው፣ «የተረት ንግሥት አሽከሮች ነን» እያሉ የበኪንገምን መስፍን ቅጥር ሰብረው ዋላዎቹን ወሰዱ። የንጉሥ ዓርማ ለለበሰ ሰው የነሱ መልስ ይኼ ነው፤ እኛም ጌታ አለን፣ ጌታችን ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም። ሳቁ በጣም የገባን ይመስለናል። መንግሥት ግን አልሳቀም። በ1485 ሄንሪ ሰባተኛ ፊትን ቀብቶ ወይም ሸፍኖ ሌሊት ማደን ከባድ ወንጀል ነው ሲል አወጀ። ከዚያ ወዲያ ፊት ራሱ ማስረጃ ሆነ።

ነገሩ ጫፍ የደረሰው በ1723 ነው። ከ1720 ጀምሮ የደቡብ ባሕር ኩባንያ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ አገሩ ታውኳል፤ አዲስ ባለጠጎች መሬት እየገዙ ቅጥር ያጥራሉ፤ የደን ጠባቂዎች የቆየውን የግጦሽና የማገዶ ልማድ እያጠበቡት ነው። በሃምፕሻየርና በዊንዘር ደን አካባቢ ሰዎች እንደገና ፊታቸውን አጠቆሩ። የዊንቸስተርን ጳጳስ ዋላዎች ወሰዱ፤ ጌቶቹን አስፈራሩ። መሪያቸው «ንጉሥ ጆን» ይባል ነበር። «ጥቁሮቹ» ተባሉ፤ ከቆዳ መልክ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከከሰሉ ነው። ግንቦት 1723 የሮበርት ዋልፖል መንግሥት «ጥቁሩ ሕግ» የሚባለውን አወጣ። ፊቱን አጥቁሮ፣ መሣሪያ ይዞ በአደን ክልል የተገኘ ሰው፣ ዋላ ይግደል አይግደል፣ ይሰቀላል። ዓሣ ኩሬ ማፍረስ፣ ዛፍ መቁረጥ፣ የማስፈራሪያ ደብዳቤ መላክ ሳይቀር ተጨምሮ ከ50 በላይ ጥፋቶች ባንድ ወረቀት የሞት ቅጣት ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ከነዚህ ሰዎች ሰባቱ በለንደን ታይበርን ተሰቀሉ። ሕጉ ለጊዜው ተብሎ ወጥቶ 100 ዓመት ኖረ፤ አብዛኛው የተሻረው በ1823 ነው።

የ1217ቱ ቻርተር በዋላ ምክንያት ማንም አይሞትም ብሎ ነበር እኮ! ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ ፓርላማ ባለበት፣ ፈላስፋ በበዛበት ዘመን፣ ወደ ገመድ ተመለሱ። ታሪክ ሁልጊዜ ወደ ፊት ይሄዳል ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህቺን እንተውላቸዋለን።

የዚህን ሕግ ታሪክ መዝገብ ለመዝገብ ፈልፍሎ ያወጣው ኢ. ፒ. ቶምሰን ነው፤ በ1975 ባሳተመው «ዊግስ ኤንድ ሃንተርስ» በተባለው መጽሐፍ። ቶምሰን ኮሙኒስት ፓርቲን በ1956 የለቀቀ፣ ማርክሳዊ አስተሳሰቡን ግን ያልለቀቀ የታሪክ ሰው ነው። መጽሐፉን ሲያነቡ ሁሉም መደምደሚያውን የገመቱት ይመስላል፦ ሕግ የገዢው መደብ ዱላ ነው፣ አለቀ። ቶምሰን ግን እዚያ አልቆመም። ሕጉ ዱላ ነበር ካለ በኋላ፣ ገዢዎቹም ሕግ ነው ብለው ስለተናገሩ በገዛ ቃላቸው የሚታሰሩበት ጊዜ ነበር አለ፤ በዘፈቀደ ከሚገዛ ጉልበት ሕግ የበላይ የሆነበት ሥርዓት ያለ ጥርጥር ይሻላል አለ። የግራ ወዳጆቹ ክፉኛ ተቆጡ። ከዳን ያሉትም አሉ።

እኛስ? ባንድ በኩል እነዚያ ሰባቱ በፍርድ ቤት፣ በዳኛ፣ በጽሑፍ ሕግ ነው የተሰቀሉት፤ ለነሱ የሕግ የበላይነት ምን ጠቀማቸው ብለን እንጠይቃለን። በሌላ በኩል ያ ሁሉ ክርክርና ምስክርነት ተጽፎ ባይቀመጥ ቶምሰን ምን ያነብ ነበር? ደብዳቤም፣ ዳኛም፣ መዝገብም ሳይኖር ሰው በሌሊት የሚጠፋበት አገር ስንት አለ። በዚህ ላይ ከቶምሰን ጋር ነን፤ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ከግማሽ በላይ።

በአገራችን የአደን ክብር በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ይመጣል፣ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፤ ስሙ ከገደለው ይወጣል። እንግሊዞች ጋ ግን ሰውን ሰው የሚያደርገው የገደለው ሳይሆን እንዲገድል የተፈቀደለት መሆኑ ነበር። የኛው ፎካሪ ፊቱን ለሰው ያሳያል፤ የነሱ አዳኝ ፊቱን ይደብቃል። የኛ የተሻለ ነው ማለታችን አይደለም፤ ፎካሪው የጣለው ሁልጊዜ አውሬ ብቻ እንዳልነበረ እናውቃለንና።

መስከረም 26 ቀን 2021 ከሊቨርፑል አጠገብ ቡትል በምትባል ከተማ አንድ ነጭ ዋላ በመንገድ ላይ ታየ። ሰው በስልኩ ቀረጸው። ፖሊስ መጀመሪያ ወደ መጣበት እንዲመለስ ይተወዋል ተብሎ ነበር፤ ማምሻውን ግን ሲጨልም ለመኪናና ለሰው አደጋ ነው ብሎ አስገደለው። አገሩ በቁጣ ተነሣ። በዛሬው የእንግሊዝ ሕግ በዱር ያለ ዋላ በሕይወት ሳለ የማንም ንብረት አይደለም፤ የንጉሥም ቢሆን። የቡትሉ ዋላ አንገት ላይ ዘውድም ሰንሰለትም አልነበረም።