አቤቱታና ግልግል፦ የመንግሥት ሠራተኛ ክርክር በገርጂና በቦሌ ዙሪያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ገርጂ በአንድ ወገን የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያን ትጎራበታለች፤ በሌላ ወገን ደግሞ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እየተባለ የሚጠራ ሠፈር አላት። አየር ትራንስፖርትና የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦት የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ «እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት» ብሎ የሥራ ማቆም እርምጃን ከከለከለባቸው ድርጅቶች መካከል ስለሆኑ፣ መንግሥት አሠሪ በሆነበት ቦታ ክርክር እንዴት ይፈታ እንደ ነበር ለሚመረምር ሰው ይህ አካባቢ ከሌላው የከተማዋ ክፍል የበለጠ ብዙ ያሳያል።

በጉዳዩ ውስጥ ሁለት ልማዶች ተቀላቅለው ስለሚገኙ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አቤቱታ ነው፤ የበታቹ የደረሰበትን በደል ለበላዩ፣ የበላዩም ካልሰማው እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ድረስ የሚያሰማበት ይህ መንገድ ውሳኔውን ከአሠሪው ወገን ሳያወጣ የሚያስቀር ነው። ሁለተኛው ግልግል ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 3325 ጀምሮ የደነገገው፣ ሁለት ወገኖች እኩል ቆመው ክርክራቸውን ለመረጡት ሦስተኛ ሰው የሚሰጡበትና ለፍርዱም የሚገዙበት ሥርዓት ነው። ሽምግልናን ለሚያውቅ ኅብረተሰብ ይህ ሁለተኛው እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የነበረው መንግሥት ራሱ ከሠራተኛው ጋር እኩል ተቀምጦ የሚዳኝ መሆኑ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ በድንጋጌ የወጣው፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 210 የጸናው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ማኅበር የመመሥረትንና በኅብረት የመደራደርን መብት አውቆ ክርክር የሚሰማ ቦርድ ቢያቋቁምም፣ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል። ስለዚህ የሚኒስቴር ጸሐፊው በአቤቱታው መንገድ ሲቀር፣ የአየር መንገዱ መካኒክ ግን ቀጣሪው የመንግሥት ንብረት ቢሆንም በድርጅት ሠራተኛነቱ ማኅበር ሊኖረው ቻለ። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች ያጸደቀችውም፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውም በዚያው ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ድርጅቶችን ሲወርስ የግል ተቀጣሪ የነበረው ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ፤ ከዚህ በኋላ የሠራተኛ ጥያቄ የደመወዝ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ጥያቄም ሆኖ ታየ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በቦሌ የኮንፌዴሬሽኑን የአቋም መግለጫ ሲበትኑ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ሰዎች ሞቱ፤ ከቀናት በኋላም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 አሮጌውን ሕግ ሲተካ ኮንፌዴሬሽኑም ፈረሰ። የግልግልን ነገር ለሚከታተል ሰው የዘመኑ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ሥራ ማቆም የማይችል ወገን በድርድር ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ስለማይኖረው፣ ዳኛው ማንም ቢሆን ግልግሉ ስሙን ይዞ ከመቅረት አያልፍም።

ዛሬም የቆመው አወቃቀር መሠረቱ የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996 እና 1156/2011 በየተራ ተክተውታል። በዚህ አወቃቀር የአንድ ሠራተኛ የግል ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የወል ክርክር ማለትም የብዙ ሠራተኞችን የጋራ ጥቅም የሚነካው ግን በመጀመሪያ ለአስማሚ፣ አስማሚው ካልቻለ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። በቦርዱ ውስጥ ከሰብሳቢውና ከባለሙያዎቹ ጋር የአሠሪዎችና የሠራተኞች ወኪሎች በእኩል ቁጥር ይቀመጣሉ። ተከራካሪዎቹ ከፈለጉ የራሳቸውን የግልግል ዳኛ መምረጥም ይችላሉ። እጅግ አስፈላጊ ተብለው በተዘረዘሩት ድርጅቶች ግን የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ክርክር የሚታየው «ጊዜያዊ ቦርድ» በሚባል አካል ነው። ጊዜያዊ መባሉ ለተነሣው ክርክር ብቻ የሚቋቋም በመሆኑ ነው እንጂ፣ ሥርዓቱ ራሱ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ጸንቷል። ሕጉ አድማን ወስዶ በምትኩ ዳኝነትን ሰጥቷል፤ የዋጋው ተመጣጣኝነት ግን ቦርዱ በሚቋቋምበት ፍጥነትና በአባላቱ ነጻነት የሚለካ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከዚህ ልውውጥ እንኳ ድርሻ የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችን የመደራጀት መብት ካላቸው ወገኖች ጋር ቆጥሮ፣ እነማን እንደሆኑ በሕግ እንደሚወሰን ቢደነግግም፣ በአዋጅ ቁጥር 262/1994፣ 515/1999 እና 1064/2010 የቀጠለው ሥርዓት የዲሲፕሊንና የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎች ከእነርሱም በላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። ይህ ፍርድ ቤት ስንብትና ቅጣት በሕግ መሠረት መፈጸሙን ይመረምራል፤ ደመወዝ ስንት ይሁን ለሚል የጋራ ጥያቄ ግን የግልግል መድረክ አይደለም። የግልግል ዳኝነትን እንደገና ያዋቀረው አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ለአስተዳደር አካላት በሕግ የተሰጡ አስተዳደራዊ ክርክሮችን ለግልግል ከማይቀርቡት ጉዳዮች መድቧቸዋል።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በክፍያ ጥያቄ ምክንያት ሥራ ባቆሙበትና ከመካከላቸው ሰዎች በታሰሩበት ወቅት ነው። በቦሌ ሰማይ ላይ በሬዲዮ የሚነጋገሩት አብራሪና ተቆጣጣሪ ለአንድ በረራ ደኅንነት ኃላፊዎች ቢሆኑም፣ አብራሪው ክርክሩን ለቦርድ የሚያቀርብበት መንገድ በሕግ የተቀመጠለት የድርጅት ሠራተኛ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር።